ወንድሜ ከእስር ቤት ሆኖ ሲፒኤስን ልክሰስ ይላል፤ ላግዘው ወይስ ልከልክለው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ወንድሜ ቨርጂኒያ ውስጥ ከታሰረ ዓመት ከመንፈቅ ሊሆነው ነው። የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉት። እናታቸው ስትታመም የካውንቲው ሲፒኤስ (የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ልጆቹን ወስዶ ፎስተር ቤት (ጊዜያዊ አሳዳጊ ጋር) አስገባቸው። ያኔ ለፍርድ ቤት በቀረበው ወረቀት ላይ ‹አባትየው የት እንዳለ አይታወቅም› ተብሎ ተጽፏል። እሱ ግን እዚያው ካውንቲ እስር ቤት ነበር። አሁን የወላጅነት መብቱን ለማቋረጥ ቀጠሮ ተይዟል፤ ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። አብሮት የታሰረ ሰው የፌዴራል ክስ ቅጽ ሰጥቶት፣ ያለ ጠበቃ መሥሪያ ቤቱን 5 ሚሊዮን ዶላር ከስሼ ልጆቼን አስመልሳለሁ ብሎ ተነስቷል። ገንዘብ ላኪልኝ፣ ጻፊልኝ ይለኛል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «የት እንዳለ አይታወቅም» የሚለው ላይ ስደርስ በጣም አዘንኩ። በካውንቲው እስር ቤት ያለን ሰው ማግኘት ከባድ ነገር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ስሙን በሸሪፉ ድረ ገጽ ላይ መፈለግ፣ ወይም እስር ቤቱ ደውሎ መጠየቅ ይበቃል። አባትን በወጉ ሳይፈልጉ «አልተገኘም» ብሎ ለዳኛ መጻፍ ትንሽ ጥፋት አይደለም። ወንድምሽ ቢቆጣ እውነት አለው።

ግን ቁርጡን ልንገርሽ። የፌዴራሉ ክስ ልጆቹን አያስመልስለትም። ቢሳካለት እንኳ የሚያገኘው ካሳ ነው። የልጆቹ ጉዳይ ያለው በቨርጂኒያው የወጣቶችና የቤተሰብ ፍርድ ቤት ነው። እዚያ ደግሞ ሰባት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው። ጉልበታችሁ በሙሉ አሁን እዚያ መሄድ አለበት። ክሱ ይደርሳል፤ ቀጠሮው ግን ካለፈ አለፈ።

ለምን እንደዚያ እንደምል ላስረዳሽ።

እስረኞች «ናይንቲን ኤይቲ ስሪ» (1983) የሚሉት ክስ ስሙን ያገኘው ከሕጉ አንቀጽ ቁጥር ነው። ብዙ ሰው ዓመተ ምሕረት ይመስለዋል። ሕጉ ራሱ የወጣው በ1871 ነው፤ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ኩ ክላክስ ክላን በደቡብ ጥቁሮችን ሲገድልና ሲያሸብር፣ የአካባቢው ባለሥልጣናትም ዝም ሲሉ። የመንግሥት ሠራተኛ በሥልጣኑ ተጠቅሞ ሕገ መንግሥታዊ መብትህን ከነካ በፌዴራል ፍርድ ቤት ክሰሰው ይላል። ትልቅ ሕግ ነው። ልጅን የማሳደግ መብት ደግሞ ከነዚህ መብቶች አንዱ መሆኑን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ሲናገር ኖሯል። ስለዚህ ወንድምሽ የያዘው ሐሳብ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም።

ችግሩ መንገዱ ላይ ያለው ግድግዳ ነው። የመጀመሪያው፦ የልጆቹ ጉዳይ በስቴቱ ፍርድ ቤት እየታየ ሳለ የፌዴራል ዳኛ እጁን አያስገባም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን በ1979 በቴክሳስ ቤተሰብ ጉዳይ ላይ በግልጽ ወስኗል፤ ያም ጉዳይ ልጆቻቸው በጥቃት ጥርጣሬ የተወሰዱባቸው ወላጆች ያመጡት ነበር። መከራከሪያችሁን እዚያው ስቴቱ ፍርድ ቤት አቅርቡ ተባሉ። ወንድምሽ ነገ ቢከስም ተመሳሳይ መልስ ነው የሚጠብቀው። የገንዘብ ጥያቄውን ደግሞ ዳኛው የስቴቱ ጉዳይ እስኪያልቅ ሊያቆየው ይችላል። ስቴቱ ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላ ሄዶ «ውሳኔውን ሻሩልኝ» ቢልም አይሆንም። የመጀመሪያ ደረጃ የፌዴራል ፍርድ ቤት የስቴት ፍርድ ቤት ይግባኝ ሰሚ አይደለም።

ሁለተኛው ማንን ነው የሚከሰው የሚለው ነው። ስቴትና የስቴት መሥሪያ ቤት በዚህ ሕግ ለካሳ አይከሰሱም። ካውንቲና ከተማ ግን ከ1978 ወዲህ ይከሰሳሉ፤ ያውም ጥፋቱ የአንድ ሠራተኛ ስህተት ሳይሆን ከመሥሪያ ቤቱ መመሪያ ወይም ከለመደው አሠራር የመጣ መሆኑን ካሳየህ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሲፒኤስን የያዙት የሶሻል ሰርቪስ ቢሮዎች በየካውንቲው ቢሆኑም የሚቆጣጠራቸው ስቴቱ ነው። ስለዚህ «እኛ የስቴት ክንድ ነን» ብለው መከራከራቸው አይቀርም። ኬዝ ወርከሯን (የልጆቹን ጉዳይ የያዘችውን ሠራተኛ) በግል ቢከስስ፣ ጉዳዩን ፍርድ ቤት አቅርባ ለተከራከረችበት ሥራ ብዙ ጊዜ እንደ ዓቃቤ ሕግ ካሳ ከመጠየቅ ሙሉ ከለላ አላት። በምርመራና በፍለጋ ላይ ለሠራችው ግን ከለላዋ ያነሰ ነው። አባትየውን ፈልጌአለሁ ብላ ሳትፈልግ ቀርታ ከሆነ የወንድምሽ ክስ ሕይወት ያለው እዚህ ላይ ነው። 5 ሚሊዮን የሚለው ቁጥር ምንም አይጨምርለትም።

አሁን ወደ ቀጠሮው ልመለስ።

በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው አንድ አጭር ጉዳይ አለ። የኢሊኖይ ስቴት የአንድን ሰው መኪና ሊወርስ መጥሪያ በቤቱ አድራሻ ላከ። ሰውየው ግን ያኔ በኩክ ካውንቲ እስር ቤት ነበር፤ ስቴቱም ያውቅ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ መጥሪያ አይባልም አለ። እስቲ አስቢው፣ መኪና ነው! ለመኪና እንዲህ ከተባለ ለሁለት ልጆች ምን ይባላል? ከዚያ በፊትም በ1965 አንድ የቴክሳስ አባት ሳይነገረው ልጁ ለእንጀራ አባቷ በጉዲፈቻ ተሰጥታ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአባትየው መብት ተጥሷል ብሎ ውሳኔውን ሻረው። እነዚህን ሁለት ጉዳዮች ወንድምሽ ሊጠቀምባቸው የሚገባው አሁን፣ በስቴቱ ዳኛ ፊት ነው። በፌዴራል ክስ ላይ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይተው ቢነበቡ ልጆቹ ሌላ ቤት ለምደው፣ ሌላ ስም ይዘው ይጠብቁታል።

ማስረጃው ደግሞ በእጃችሁ ሊገባ የሚችል ነው። እስር ቤቱ የገባበትን ቀን የሚያሳይ መዝገብ አለው። ጠይቂ። ልጆቹ የተወሰዱበትን ቀንና «አይታወቅም» ተብሎ የተጻፈበትን ቃለ መሐላ ጎን ለጎን አስቀምጪ። ዳኛ ፊት ብዙ ሐተታ አያስፈልገውም፤ ሁለቱ ቀኖች ራሳቸው ይናገራሉ።

ከሁሉ በፊት ግን ጠበቃ። ወንድምሽ «ያለ ጠበቃ» የሚለው ጠበቃ የሚገዛበት ገንዘብ ስለሌለው መሰለኝ። ለፌዴራሉ ክስ እውነት ነው፤ የፍትሐ ብሔር ክስ ስለሆነ ዳኛው ጠበቃ እንዲመድብለት መብት የለውም። ዳኛው ጠበቃ ሊለምንለት ይችል ይሆናል እንጂ አያስገድድም። ለወላጅነት መብት ጉዳይ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ አቅም የሌለው ወላጅ ጠበቃ እንዲመደብለት ሕጉ ይፈቅድለታል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲህ ያለ መብት የለም፤ በ1981 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ሕገ መንግሥቱ በየጉዳዩ እየታየ እንጂ ለሁሉም ጠበቃ አያስገድድም ብሏል። ያ ጉዳይ ከወንድምሽ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ነፍስ በማጥፋት የተፈረደባት አንዲት የሰሜን ካሮላይና እናት ከእስር ቤት ተወስዳ ፍርድ ቤት ቀረበች። ጠበቃ የላትም። ሶሻል ወርከሯን ራሷ መስቀለኛ ጥያቄ ጠይቂ ተባለች። መጠየቁ አልሆነላትም፤ ክርክሯን ነበር የምትናገረው። ዳኛው አብዛኛውን ጥያቄ አይደለም ብሎ ጣለባት። ልጇንም አጣች።

ወንድምሽ እንደዚያች እናት መሆን የለበትም። ዛሬውኑ ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ይጻፍ፦ የመዝገብ ቁጥሩን ይጥቀስ፣ አቅም እንደሌለው ይግለጽ፣ ጠበቃ እንዲመደብለት ይጠይቅ፣ በአካል ወይም በቪዲዮ እንዲቀርብ ትእዛዝ እንዲሰጥለት ይጠይቅ። እንግሊዝኛው የማይበቃው ከሆነ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቅ። የፍርድ ቤት እንግሊዝኛ የገበያ እንግሊዝኛ አይደለም፤ «እሺ» ብሎ ያለፈው ቃል በኋላ ሊጎዳው ይችላል።

ሌላው ነገር አንቺ ነሽ። በጥያቄሽ ውስጥ ስለራስሽ ምንም አላልሽም፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ ተስፋ የማየው በአንቺ ላይ ነው። ከ2008 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ፣ ልጅ ከቤተሰቡ ሲወሰድ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ አዋቂ ዘመዶችን ፈልጎ ማሳወቅ አለበት። ደብዳቤ ደርሶሽ ነበር? ካልደረሰሽ ይህንንም ጻፊ። የቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ የወላጅነት መብት ከመቋረጡ በፊት ዳኛው ልጆቹን ለዘመድ መስጠት ይቻል እንደሆነ እንዲያስብበት ያዝዛል። አክስት ሆነሽ የአሳዳጊነት ማመልከቻ ራስሽ ማስገባት ትችያለሽ። የወንድምሽን ፈቃድ መጠበቅ የለብሽም፤ እሱ ቢደግፍሽ ግን ይጠቅማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። አንቺ ሜሪላንድ ነሽ፣ ልጆቹ ቨርጂኒያ። ወንዙን ተሻግሮ ቡና መጠጣት የሃያ ደቂቃ ነገር ነው፤ ልጅን ማሻገር ግን በሁለቱ ስቴቶች መካከል ያለ ስምምነት ይጠይቃል። የሜሪላንድ ሰዎች ቤትሽን መጥተው ማየት አለባቸው። በፌዴራል ሕግ ይህ የቤት ጥናት በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ ቢኖርበትም ሊዘገይ ይችላል። ሰባት ሳምንት 49 ቀን ነው። ስለዚህ ማመልከቻሽ በዚህ ሳምንት ይግባ፤ በዘገየሽ ቁጥር ቀጠሮው ይበልጥ ይቀድምሻል። የልጆቹ ጠበቃ ሆኖ በፍርድ ቤት የተሾመ ሰው አለ፤ ጋርድያን አድ ላይተም ይሉታል። ስሙን ከጸሐፊዋ ጠይቀሽ ደውይለት። «አክስታቸው ነኝ፣ ልጆቹን መውሰድ እፈልጋለሁ፣ ቤቴን መጥታችሁ እዩት» በይ። የልጆቹ አክስት መኖሯን እንኳ ላያውቅ ይችላል።

መሥሪያ ቤቱ ለምን ይቸኩላል ትይኝ ይሆናል። በ1997 የወጣ የፌዴራል ሕግ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በፎስተር ካሳለፈ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ ማመልከቻ ይቅረብ ይላል። እስር ቤት ላለ ወላጅ ይህ ሰዓት ጨካኝ ነው፤ ቅጣቱ ሦስት ዓመት ቢሆንም የልጆቹ ሰዓት አይጠብቀውም። ግን ሕጉ የተዋቸው በሮች አሉ። አንዱ ልጁ ዘመድ ጋር ሲቀመጥ ነው። አንቺን አጥብቄ የያዝኩሽ ለዚህ ነው።

ውሳኔው ከተሰጠና ካልተስማማችሁ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ወደ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት (ከእሱ በላይ ወዳለው የስቴቱ ፍርድ ቤት) ይግባኝ የሚባለው በ10 ቀን ውስጥ ነው። እዚያ ጉዳዩ እንደ አዲስ ይታያል። አሥር ቀን ለእስረኛ ምንም ማለት አይደለም፤ ፖስታ ብቻውን አምስቱን ይበላዋል። ስለዚህ የይግባኙን ወረቀት ከቀጠሮው በፊት ከጠበቃው ጋር ተነጋግራችሁ አዘጋጁ። ጉዲፈቻው አንዴ ከጸደቀ ደግሞ በቨርጂኒያ ሕግ 6 ወር ካለፈ፣ መጥሪያ አልደረሰኝም በሚል ምክንያት እንኳ መቃወም እጅግ ይከብዳል።

አሁን ወደ ክሱ ልመለስ፤ አሁን አይሁን አልኩ እንጂ ጨርሶ አይሁን አላልኩም። ቨርጂኒያ ውስጥ የዚህ ዓይነት ክስ ጊዜ ገደቡ 2 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም በደሉን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። መታሰሩ ሰዓቱን ያቆምልኛል ብሎ እንዳይተማመን። ያንን ቃለ መሐላ መጀመሪያ ያየበትን ቀን ይጻፍና ያስቀምጥ።

ገንዘብ ላኪልኝ ያለሽን በተመለከተ፣ በ1996 ኮንግረስ ያወጣው የእስረኞች ክስ ሕግ ድሃ እስረኛን ከክፍያ ነጻ አያደርገውም። የክስ መክፈቻውን 350 ዶላር ቀስ በቀስ ይከፍላል። ከስድስት ወር የሂሳብ መግለጫው ተነስተው በየወሩ ከሚገባለት አማካይ ወይም ከአማካይ ቀሪ ሂሳቡ ከሚበልጠው 20 በመቶውን መጀመሪያ ይቆርጣሉ። ከዚያ በየወሩ ከሚገባለት ገንዘብ 20 በመቶ። አንቺ በወር 100 ዶላር ብትልኪለት 20ው ለፍርድ ቤቱ ይሄዳል፤ ዓመት ተኩል ገደማ ማለት ነው። ሳሙናው፣ ስልኩ፣ ቴምብሩ ከዚያው ነው የሚወጣው። ክሱ ውድቅ ቢሆንም ክፍያው አይመለስም። ዳኛው ክሱን ተከሳሾቹ መልስ ሳይሰጡበት ገና አንብቦ ሊጥለው ይችላል። እንዲህ ሦስቴ የተጣለበት እስረኛ ደግሞ ሕይወቱ አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር ከዚያ ወዲያ ክፍያውን በአንድ ጊዜ ካልከፈለ አይከስም። እነዚህን ሦስት ዕድሎች በቁጣ ማባከን ያሳዝናል።

ካሳውም እንደሚያስበው አይደለም። ያው የ1996 ሕግ በእስር ላይ ሳለ ለደረሰ የመንፈስ ጉዳት፣ አካላዊ ጉዳት ከሌለ ካሳ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ የመንግሥት ጠበቆች ይህን ማንሳታቸው አይቀርም። መብት መጣሱ ተረጋግጦ ጉዳት ካልታየ ደግሞ ከ1978 ጀምሮ ፍርድ ቤቶች አንድ ዶላር ነው የሚፈርዱት። ይህን የምነግርሽ ተስፋውን ለመቁረጥ አይደለም። ካሳውን አስቦ ልጆቹን እንዳያጣ ነው።

ሲጽፍ ትኩረቱ ቀን፣ ሰው፣ ድርጊት ይሁን። «መሥሪያ ቤቱ ዘረኛ ነው፣ ሕይወቴን አበላሸው» ለዳኛ ምንም አይነግረውም። «በዚህ ቀን እዚህ እስር ቤት ነበርኩ፤ በዚህ ቀን ይህች ሠራተኛ እንዲህ ብላ ማለች፤ መጥሪያ አልደረሰኝም፤ በዚህ ቀን ልጆቼ በፎስተር እንዲቆዩ ተወሰነ» ይበል። ሦስት ገጽ ይበቃል። የልጆቹን ሙሉ ስም አይጻፍ፤ የፌዴራል ደንቡ የስማቸውን መነሻ ፊደል ብቻ ነው የሚፈቅደው። በልጆቹ ስምም ሊከስ አይችልም። ጠበቃ ያልሆነ ወላጅ ልጁን ወክሎ በፌዴራል ፍርድ ቤት መቆም እንደማይችል በ2005 ቨርጂኒያን የሚያጠቃልለው የይግባኝ ፍርድ ቤት ወስኗል።

ሌላ ጥንቃቄ አለ። የታሰረበት ጉዳይ ልጆቹን የሚነካ ከሆነ ወይም የወንጀል ክስ ገና ካላለቀ፣ ከወንጀል ጠበቃው ጋር ሳይነጋገር አንዲት ቃል በክስ ወረቀት ላይ አይጻፍ። የጻፈው በራሱ ላይ ማስረጃ ይሆናል። ዜጋ ካልሆነ ደግሞ ልጅን ከመጉዳት ወይም ችላ ከማለት ጋር የተያያዘ ጥፋተኝነት ከአገር ሊያስወጣው ይችላል፤ ስለዚህ የኢሚግሬሽን ጠበቃም ይጠየቅ።

«ጻፊልኝ» ላለሽ፦ ሰነድ መሰብሰብ፣ ፎቶ ኮፒ ማድረግ፣ የተናገረውን መተየብ ትችያለሽ። መፈረም ያለበት ግን እሱ ራሱ ነው፤ ሕግ እየመረጥሽ መከራከሪያ ማዘጋጀት ደግሞ ያለ ፈቃድ ጥብቅና ይሆንብሻል። አትግቢበት።

የመጨረሻው ነገር ዛሬ ማታ ሲደውልልሽ የምትነግሪው ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ልጆች በፎስተር ሳሉ ለስድስት ወር ያለ በቂ ምክንያት ግንኙነት ማቋረጥ የወላጅነት መብት ማቋረጫ ምክንያት ሆኖ ይቀርባል። እስር ቤት ያሉ አባቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጽፉም፤ ያፍራሉ፣ «እንዲህ ሆኜ ምን እላቸዋለሁ» ይላሉ። በየሳምንቱ ለሁለቱም ይጻፍ። ረጅም አይሁን፤ ትልቋ ስለ ትምህርቷ፣ ትንሹ ስለሚወደው ነገር ይጠየቅ። ደብዳቤውን በኬዝ ወርከሯ በኩል ይላክ፣ ከመላኩ በፊት ግን አንዱን ኮፒ ለአንቺ ይላክልሽ። ፖስታው ላይ ያለውን ማኅተም አትጣዪው፤ ቀኑ እዚያ ላይ ነው ያለው። «ተመላሽ» ተብሎ የተመለሰ ካለም ሳትከፍቺ አስቀምጪው፤ ለጠበቃው እንደታሸገ ስጪው።